ገበያ ከመውጣት በፊት ሣጥን መክፈት

ሣጥናችሁ ውስጥ ስንት ልብስ አለ? አትቸኩሉ። ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ በሐሳባችሁ ቁጠሩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጨምሩ። መደብ ላይ የተነጠፈውን፣ ትራስ እንዲሆን የተጠቀለለውን፣ ከጎታ ጀርባ የወደቀውንም ጨምሩ።

ይህን ጥያቄ አንድ ማታ በትምህርት ሰዓት ጠይቄ ነበር። «ልብስ የት አለንና ይቆጠራል!» ተብሎ ተሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያልሳቁት እኔ ያረፍኩበት ቤት እመቤት ብቻ ነበሩ። ለምን እንዳልሳቁ የገባኝ ቤት ስንደርስ ነው።

ቤቱ መንዝ ውስጥ፣ ደጋው ላይ ነው። በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ይሆናል። ያለ ጋቢና ያለ ባና ሌሊቱ አይነጋም። በቤቱ ስድስት ሰው ይኖራል። አባወራውን ጋሼ፣ እመቤቲቱን እትዬ፣ የጋሼን እናት እማማ እላቸዋለሁ። ከነሱ ሌላ አንድ ጎረምሳ፣ አንዲት የ12 ዓመት ልጅና አንድ የ7 ዓመት ልጅ አሉ። ሰባተኛው እንግዳው እኔ ነኝ።

ገና ሊደርስ ነው፤ ከገና ቀጥሎ ጥምቀት አለ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባል የለ? ጋሼ ይህን ተረት አንስተው «ቤተሰቤ በጥምቀት ራቁቱን ሊወጣ ነው» አሉ። ሐሳባቸውን ቆርጠዋል። ለገና የበግ ዋጋ ጥሩ ስለሆነ እናቲቱን በግ ወደ ገበያ ሊነዷት ነው። በገንዘቡ ለእትዬና ለልጅቱ ቀሚስ፣ ለጎረምሳውና ለትንሹ ሱሪ፣ ለራሳቸው ኮት ሊገዙ ነው።

በጓ ግን ርጉዝ ናት። ለመውለድ ሁለት ወር አይቀራትም። ጸጉሯም ለመሸለት ደርሷል፤ የመንዝ ሰው ባናውን የሚሠራው ከበግ ጸጉር ነው። እንግዲህ አስሉት። በጓን የሚሸጥ ሰው አብሯት ግልገሏንም፣ የባናውንም ጸጉር ይሸጣል። ለገና የሚያርድ ገዢ የሚከፍለው ግን ለሥጋዋ ብቻ ነው።

እኔ እንግዳ ነኝ። በሰው ቤት ገብቼ በግ አትሽጡ ማለት አይገባኝም። ብቻ እትዬ በዚያ ማታ ደብተራቸውን ይዘው እሳቱ ዳር ቁጭ አሉና «የኔታ፣ ያን ጥያቄህን በጽሑፍ ልሥራው» አሉኝ። (ጢም ሳላበቅል የኔታ መባሌ ያሳፍረኛል፤ ግን እምቢ ብል ማን ይሰማኛል?) ሣጥኑ ተከፈተ። ጎረምሳው ኩራዙን ያዘ። ልጅቱ አንድ አንዱን እያወጣች ጠራች። እትዬ ጻፉ።

ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ ጋቢ 3፣ ባና 2፣ ነጠላ 4፣ ቀሚስ 5፣ ሱሪ 4፣ እጀ ጠባብ 3፣ ኮት 1። ከሥሩ «ቡትቶ ብዙ» ብለው ጨመሩበት። ቡትቶውን ትተን ስንደምረው 22 መጣ። «ልብስ የለንም» የተባለበት ቤት 22 ልብስ ነበረው! ጋሼ ወረቀቱን ተቀብለው አዩት። እሳቸው ገና «ለ»ን ከ«ሰ» በመለየት ላይ ነበሩ፤ 22ን ግን አነበቡ።

«ታዲያ ምን ይሆናል?» አሉ። «አንዱም ሰው ፊት የሚለበስ አይደለም።»

እውነታቸውን ነው። ልብስ መኖርና የሚለበስ ልብስ መኖር አንድ አይደለም። የዚያ ቤት ችግር ግን የልብስ ማነስ አልነበረም፤ ክትና ዘወትር ተደባልቆ ነበር። እትዬ ቤተ ክርስቲያን የሚስሙበት ቀሚስና ኩበት የሚጠፈጥፉበት ቀሚስ አንድ ነው። ጎረምሳው በአንዱ ሱሪ ያርሳል፣ በዚያው ሠርግ ይሄዳል። ሌላው ልብስ ደግሞ ትንሽ ስለተቀደደ ሣጥን ገብቶ ተረስቷል። እንዲህ ሲሆን የሚለበሰው ልብስ ቶሎ ያልቃል፤ የማይለበሰው ሣጥን ውስጥ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ሒሳቡን በሰው ልክ ሠራነው። ለአንድ ሰው ቢያንስ አንድ ክትና አንድ ዘወትር ያስፈልገዋል። ሦስቱ ሴቶች 6 ቀሚስ ይፈልጋሉ፤ ያለው 5 ነው። ሦስቱ ወንዶች 6 ሱሪ ይፈልጋሉ፤ ያለው 4 ነው። የጎደለው አንድ ቀሚስና ሁለት ሱሪ ብቻ ሆነ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ በጓ ወዳለችበት ጥግ ዞር ብለው አዩ። ምንም አልተናገሩም።

በማግስቱ ፀሐይ ሲሞቅ ልብሱን ሁሉ ደጅ አወጣነው። በአራት ክምር ለየነው። እንዳለ የሚለበሰው አንድ ክምር፤ መርፌ የሚፈልገው አንድ ክምር፤ ወደ ሌላ ልብስ የሚለወጠው አንድ ክምር፤ ቡትቶው አንድ ክምር። ትልቁ ክምር የትኛው ይመስላችኋል? መርፌ የሚፈልገው ነበር። የአንዱ ቀሚስ በሽታ ብብቱ ሥር የአንድ ስንዝር ስፌት መተርተሩ ነው። በሱ ምክንያት ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ ተኝቷል።

ስለ መርፌ ልናገር። መጀመሪያ ግን ራሴን ላጋልጥ። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ ከታች የሰፋ ሱሪ ለብሼ ነበር። መንደሩ በደረስኩ በወሩ ጉልበቱ ተቀደደ። መርፌ ተበደርኩና ክሩን ማስገባት አቃተኝ፤ የ7 ዓመቱ ልጅ አስገባልኝ። ስለዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከእትዬና ከከተማ ልብስ ሰፊ ያየሁትን ነው።

ቀዳዳ ሲጣፍ መጣፊያው ከቀዳዳው በዙሪያው ሁለት ጣት ይትረፍ። ልክ ቀዳዳውን ያህል ብቻ ከሆነ፣ ዳሩ ያለው ጨርቅ የነተበ ስለሆነ ስፌቱን አይችልም፤ በሳምንቱ ከመጣፊያው ጎን ሌላ ቀዳዳ ይከፈታል። የመጣፊያው ድር ከልብሱ ድር ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሂድ። መጣፊያው አዲስ አቡጀዲ ከሆነ አስቀድሞ ይታጠብ። አዲስ አቡጀዲ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ከተሰፋ በኋላ ከተሰበሰበ ልብሱን ይጨመድደዋል። የመጣፊያው ጠርዝ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ይሰፋ፤ ካልታጠፈ ክሩ እየተመዘዘ ያልቃል። በጉልበትና በመቀመጫ በኩል ግን ቀዳዳ አትጠብቁ። ጨርቁ ሳስቶ ብርሃን ሲያሳይ በዚያው ቀን ከውስጥ ደርቡበት።

የሸሚዝ አንገትጌ በላብና በጢም ሲነትብ ሸሚዙ አይጣልም። አንገትጌው ይተረተራል፤ ይገለበጣል፤ በቦታው ይሰፋል። ውስጥ የነበረው ደኅናው ገጽ ወደ ውጭ ይመጣል። ይህን ሳይ ተገረምኩ። የነጠላና የጋቢ ዘርፍ ሲፈታ ደግሞ ቶሎ መቋጨት ነው፤ ዘርፉ ከተተወ ማጉ እየወጣ ልብሱ ከዳር ያጥራል።

ከሦስቱ ጋቢዎች አንዱ መሐሉ ነትቦ ነበር። ዳርና ዳሩ ግን ጠንካራ ነው። እትዬ መሐል ለመሐል ቀደዱት። እኔ ደነገጥኩ! ከዚያ ጠንካሮቹን ሁለት ዳሮች አገናኝተው ሰፏቸው፤ የነተበው ወደ ዳር ሄደና ቆርጠው ዘመዘሙት። ጋቢው ጠበበ፤ ለትንሹ ልጅ ግን ሙሉ ልብስ ሆነ። አንድ ጋቢ ስንት ቀን እንዝርት እንዳዞረበት የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ባዘቶው፣ ፈትሉ፣ የሸማኔው ዋጋ ሁሉ መሐሉ ስለሳሳ ብቻ ይጣል?

የእትዬ አሮጌ ቀሚስ ከታች ጠርዙ ተበልቶ ነበር። አጠረና ለልጅቱ ሆነ። ጉልበቱ ያለቀው የጎረምሳው ሱሪ ከጉልበቱ በላይ ተቆርጦ የትንሹ ልጅ ቁምጣ ወጣው። ተቆርጦ የወደቀው የባት ጨርቅ ገና ብርቱ ነው፤ ለሌሎቹ ሱሪዎች መጣፊያ ዋለ። ቡትቶውም ከንቱ አልሆነም። ንጹሑ ተቀቅሎ ለቁስል መጠቅለያ ተቀመጠ፤ ሌላው ለምጣድ ማሰሻና ለኩራዝ ክር ሆነ።

ልብስ ከመሰፋቱ በፊት መታጠብ አለበት። ትልቅ ቀዳዳ ያለበት ብቻ ሲታሽ እንዳይብስ በሁለት በሦስት ክር ያዝ ያዝ ይደረግ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። የልብስ ቅማል የምትኖረው ገላ ላይ ሳይሆን በልብሱ ስፌት ውስጥ ነው፤ እንቁላሏንም የምትጥለው እዚያው ነው። ተስቦንና ግርሻን ከሰው ወደ ሰው የምታሻግረው ይህች ቅማል ናት። ቀዝቃዛ ውኃ አይገድላትም። የጥጥ ልብስ ይቀቀል። ባናና ሌላ የጸጉር ልብስ ግን ከተቀቀለ ይኮማተራልና አይቀቀልም። ጥቅጥቅ ባለ ከረጢት ታስሮ ሦስት ሳምንት ሳይለበስ ይቀመጥ። የልብስ ቅማል የሰው ደም ካጣች ከሳምንት በላይ አትኖርም፤ ከእንቁላል የምትፈለፈለውም የምትበላው አጥታ ትሞታለች።

ሳሙና ሲወደድ እንዶድ አለ። አያቶቻችን የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው አረፋውን ለነጭ ልብስ ይጠቀሙበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዓድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እነዚህ ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዝያ በሽታ ተሸካሚ ናቸው። እንዶድ ዓሣም ይገድላል፤ ስለዚህ እጣቢው ዓሣ ባለበት ወንዝ አይደፋ። ዓይን ውስጥም አይግባ።

አሁን ወደ ኮቱ ልመለስ። ጋሼ በግ ሸጠው ኮት ሊገዙ አልነበር? ሣጥኑ ውስጥ አንድ ኮት ነበር። የሟች አባታቸው የሱፍ ኮት ነው። ማንም አይነካውም ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ ሲዘረጋ ሁለቱ እጅጌዎች በብል ወንፊት ሆነዋል። ብል የበግ ጸጉርና ሱፍ ይበላል፤ ይልቁንም ላብና እድፍ ያለበትን ይወዳል። ኮቱ ሳይታጠብ ተጣጥፎ፣ ፀሐይ ሳያይ ነው የኖረው። ጋሼ መልሰው ሊያጣጥፉት ሲሉ እማማ «አምጣው ወዲህ። ሟች ብርድ አይሰማውም» አሉ። እጅጌዎቹ ተተርትረው ወጡ። የብብቱ ዙሪያ ተዘመዘመ። ገበሩ ላይ አሮጌ አቡጀዲ ተደረበ። ኮቱ ሰደርያ ሆነ። ጋሼ ቢቀርም ይሻላል ብለው ብዙ ተግደረደሩ፤ በኋላ ግን ከላያቸው አልወረደም።

የጎደሉት ሦስት ልብሶች እንዴት ሆኑ? አንዱ ሱሪ ከኔ ሻንጣ ወጣ፤ ያ ጉልበቱ የተቀደደው ሱሪዬ ታች ሰፊ ስለነበረ ለትንሹ ልጅ የክት ሱሪ ወጣው። ሁለተኛውን ሱሪ ለጎረምሳው፣ ለእማማ ቀሚስ የሚሆነውን አቡጀዲ፣ አንድ ጥቅል ክርና ሁለት መርፌ ጋሼ ገበያ ወጥተው ገዙ። ለዚህ የሸጡት ሁለት አውራ ዶሮና ጥቂት ገብስ ነው። መርፌ መገበር ነበረበት፤ ሌላ ቤት ሁልጊዜ መርፌ መበደር ያሰለቻል።

አንዳንድ ሰው «የተጣፈ ሱሪ ለብሼ ሰው ምን ይለኛል?» ይላል። ጋሼም ብለውኛል። ይሉኝታ ከባድ ነው፤ አልንቀውም። ግን በጥምቀት ዕለት ታቦቱን ስናጅብ ዙሪያዬን ተመለከትኩ። ታጥቦ፣ በደንብ ተሰፍቶ የተለበሰ አሮጌ ልብስ ከሩቅ ከአዲሱ አይለይም። የሚለየው የቆሸሸው ነው።

በጓ በየካቲት ወለደች።

መልመጃ

አንድ፦ ጋሼ በጓን ለገና ቢሸጡ ኖሮ ከበጓ ሌላ ምን ምን ያጡ ነበር? በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ሁለት፦ በአንድ ቤት 2 ሴቶችና 4 ወንዶች አሉ። 3 ቀሚስና 5 ሱሪ አላቸው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ክትና አንድ ዘወትር እንዲኖረው ስንት ቀሚስና ስንት ሱሪ ይጎድላል?

ሦስት፦ ዛሬ ማታ የራሳችሁን ሣጥን ክፈቱ። ያለውን ሁሉ በወረቀት ላይ ጻፉና ደምሩ። በመጀመሪያ በሐሳባችሁ ከቆጠራችሁት ጋር ስንት ይበላለጣል?