የሠርግ አበባ ምርትና ተንቀሳቃሹ የጾም ቀመር

በአዲስ አበባ ዙሪያ በአነስተኛ ማሳ አበባ አምርቶ ሠርግ የሚያስጌጥ ሰው ሁለት ሙያ በአንድ እጅ ይዟል፤ ገበሬም ነው፣ ዲኮር ሠሪም ነው። ወደ ውጭ የሚልኩት ሰፋፊ እርሻዎች ትልቁ የሽያጭ ወቅታቸው በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት የሚውለው የፍቅረኞች ቀን ሲሆን ቀኑ ከዓመት ዓመት ቦታውን አይለቅም። የሠርግ አበባ አምራቹ ገበያ ግን ይንቀሳቀሳል። ያለፈውን ዓመት የተከላ መርሐ ግብር ገልብጦ የሚሠራ አምራች የሚከስረውም በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ እንጂ በአመራረት ጉድለት አይደለም።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት በጾም ወራት ሠርግ አይደገስም። ስለዚህ ዋናው የሠርግ ወቅት ከጥምቀት ማግስት፣ ማለትም ከቃና ዘገሊላ ጥር 12 ጀምሮ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ያለው ጊዜ ነው። የወቅቱ መነሻ ቋሚ ሲሆን መድረሻው በባሕረ ሐሳብ ይወሰናል፤ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 ቀድሞ አይገባም፣ ከመጋቢት 5ም አያልፍም። በመካከል ያሉትን ሦስቱን የነነዌ ቀናት ሳይቀንሱ ቢቆጥሩ እንኳ ወቅቱ ከ19 ቀን እስከ 53 ቀን ሊለያይ ይችላል ማለት ነው።

የቅርብ ዓመታት ስሌት ልዩነቱን በግልጽ ያሳያል። በ2016 ዓ.ም. ጾሙ የገባው መጋቢት 2 ስለነበር ወቅቱ 50 ቀን ዘልቋል። በ2017 ጾሙ የካቲት 17 በመግባቱ ወደ 35 ቀን፣ በ2018 ደግሞ የካቲት 9 በመግባቱ ወደ 27 ቀን ወርዷል። ለአምራቹ ከቀናቱ ይልቅ የሚበልጠው የእሑዶች ቁጥር ነው። እሑዶቹ የቅበላን እሑድ ጨምሮ በ2016 ስምንት፣ በ2017 አምስት፣ በ2018 አራት ነበሩ። አንድ አምራች ባለው ሠራተኛና መኪና በአንድ እሑድ ሁለት ሠርግ ብቻ ማስጌጥ ይችላል እንበል። በ2016 የነበረው ከፍተኛ አቅም 16 ሠርግ ሲሆን በ2018 ግን 8 ነው። የመሬት ኪራዩ፣ የግሪንሀውሱ ላስቲክና የቋሚ ሠራተኛው ደመወዝ በግማሽ አይቀንስም። የሙስሊሞች ሠርግ ክፍተቱን ይሞላል ብሎ ተስፋ ማድረግም ሁልጊዜ አያዋጣም፤ በ2018 ረመዳንና ዐቢይ ጾም የገቡት በጥቂት ቀናት ልዩነት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ያለው ወቅት ባሕርዩ ሌላ ነው። እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው 50 ቀን ርዝመቱ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የሚውልበት ወር ነው። በ2018 ወቅቱ ከሚያዝያ 4 እስከ ግንቦት 23 ነበር። በ2016 ግን ከሚያዝያ 27 ተነሥቶ እስከ ሰኔ 16 በመዝለቁ ጫፉ ክረምት ውስጥ ገብቷል። በእርጥበት ወቅት ቦትራይቲስ የሚባለው ግራጫ ሻጋታ የጽጌረዳን ቅጠለ አበባ ነጠብጣብ ያደርገዋል፤ ነጠብጣቡ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ሙሽሮች አብዝተው በሚመርጡት ነጭ አበባ ላይ ነው።

እንግዲህ ዕቅዱ የሚጀመረው ከሠርጉ ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ጽጌረዳ ጫፉ ከተቀጠፈ በኋላ እስኪያብብ እንደ ሙቀቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛ ደጋ ከዚህም ሊዘገይ ይችላል። በዚህ ስሌት ለጥር አጋማሽ የሚደርሰው ጽጌረዳ የሚቀጠፈው በኅዳር ውስጥ፣ የነቢያት ጾም በተያዘበት ሰሞን ነው። ክሪሳንተመም ሌላ ጣጣ አለው። ተክሉ የሚያብበው ሌሊቱ ሲረዝም ሲሆን በአዲስ አበባ የቀን ብርሃን ዓመቱን ሙሉ ከ13 ሰዓት በታች ስለሆነ ግንዱ ሳይረዝም ያብባል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ይበራለታል። መብራቱ ከቆመ ከስምንት እስከ ዐሥር ሳምንት ባለው ጊዜ ለቆረጣ ይደርሳል። እሑዶቹ ስምንት በሆኑበት ዓመት ቅጥፈቱንም መብራቱንም በየሳምንቱ ከፋፍሎ ማስኬድ ይቻላል። አራት ብቻ ሲሆኑ ግን አንድ ሳምንት የዘገየ መደብ ከወቅቱ ሩቡን ይዞ ይቀራል።

መባጃ ሐመሩን አስልቶ የጾሙን መግቢያ ከዓመታት በፊት ማወቅ ስለሚቻል አምራቹ ለዚህ መረጃ ገንዘብ አያወጣም። ቀድሞ የማይታወቀው የደንበኛው ቀን ነው። በዚህ ረገድ ቀብድ ከገንዘብነቱ ይልቅ በመረጃነቱ ይጠቅማል፤ ቤተሰቡ አዳራሽ በተከራየበት ሳምንት የተቀበሉት ቀብድ የትኛው መደብ መቼ እንደሚቀጠፍ ይወስናል። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የመጣ ደንበኛ ግን የሚስተናገደው ከትልልቅ እርሻዎች በሚገዛ አበባ ነው። ይህ አበባ ለረጅም ጉዞ ታስቦ በእንቡጡ የተቆረጠ ነው። ለሠርጉ እሑድ ፈክቶ እንዲደርስ ሐሙስ ዕለት ገዝቶ፣ የግንዱን ጫፍ እንደገና ቆርጦ፣ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ከማቀዝቀዣ ውጭ ማቆየት ያስፈልጋል። በዚያ ክፍል ሙዝ ወይም ሌላ የበሰለ ፍራፍሬ ሊኖር አይገባም፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው የኤቲሊን ጋዝ በተለይ ካርኔሽንንና ጂፕሶፊላን ከሠርጉ በፊት ያጠወልጋል።