የየቲሙን ድጋፍ ፍሬ ማን ይመዝነው?
(ለለጋሾችና ለአሳዳጊ ቤተሰቦች የተዘጋጀ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

ለየቲሞች የሚደረግ ድጋፍ ሁለት ሒሳብ አለው። አንደኛው የወጣው ገንዘብ ሒሳብ ነው፤ ስንት ብር ተሰበሰበ፣ ለስንት ልጆች ተከፋፈለ የሚለውን ሒሳብ ያዡ በደረሰኝ ያሳየናል። ሁለተኛው ደግሞ ያ ገንዘብ በልጁ ኑሮ ላይ ያመጣው ለውጥ ነው። ልጁ ጠግቦ ያድራልን? ትምህርቱን ይከታተላልን? በእኩዮቹ መካከል አንገቱን ሳይደፋ ይቆማልን? ይህን ደረሰኝ አይነግረንም። ሊነግረን የሚችለው ከልጁ ጋር የሚኖረው ሰው ነው። በዚህ ትምህርት የምንመለከተውም የድጋፉን ፍሬ ከሚመዝኑት መካከል እናቱ፣ ጎረቤቱ፣ መምህሩና ልጁ ራሱ ሊኖሩበት እንደሚገባ ነው።

መሠረቱ በዲናችን

በሱረቱ አን-ኒሳእ 4፡6 አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን ገንዘብ የያዘ ሰው ልጆቹን ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ እንዲፈትናቸው፣ ብስለትን ባየባቸው ጊዜ ገንዘባቸውን እንዲያስረክባቸው፣ በርክክቡም ላይ ምስክር እንዲያቆም አዟል። ከዚህ አንቀጽ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ኃላፊነቱ ገንዘብን በመጠበቅ ብቻ የሚያበቃ ሳይሆን የልጁን ዕድገት መከታተልን የሚጨምር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ አሳዳሪው የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ጉዳዩ በእርሱ ቃል ብቻ እንዲዘጋ አለመፈለጉ ነው። ምስክር ያስፈልጋል፤ ምስክር የሚሆነውም ነገሩን በቅርብ ያየ ሰው ነው።

በሱረቱ አል-በቀራህ 2፡273 ደግሞ ሰውን ከመለመን በመቆጠባቸው ምክንያት የማያውቃቸው ሰው ሀብታም መስለው ስለሚታዩት ድሆች ተነግሯል። እንግዲህ ከሩቅ የመጣ መዝጋቢ የተከደነውን በር አይቶ ቢያልፍ አይደንቅም። ከዚያ ቤት ጭስ ሳይወጣ የዋለበትን ቀን የምታውቀው ጎረቤት ናት። በተጨማሪም የቲም መሆን ብቻውን ለዘካ አያበቃም፤ ከአባቱ በቂ ንብረት የወረሰ የቲም አለና። ከየቲሞች መካከል ችግረኛው ማን እንደሆነ ለመለየትም የአካባቢው ሰው ምስክርነት ያስፈልገናል።

ከታሪክም ትልቅ አብነት አለን። ኸሊፋ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በሻም ከምትገኘው ከሒምስ የመጡ ሰዎችን የከተማቸውን ድሆች ስም ጽፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። በዝርዝሩ ውስጥ የገዥያቸው የሰዒድ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ.) ስም ተጽፎ መገኘቱ ተዘግቧል። ዑመር (ረ.ዐ.) በኋላ ወደ ሒምስ በሄዱ ጊዜ ሕዝቡን ስለ ገዥው ጠየቁ፤ ሕዝቡም ቅሬታውን ዘረዘረ። ረፋዱ ሳይገፋ ከቤቱ አይወጣም፣ ሌሊት ማንንም አያነጋግርም፣ በወር አንድ ቀን ጨርሶ አይታይም፣ አልፎ አልፎም ራሱን ይስታል አሉ። ዑመር (ረ.ዐ.) ቅሬታውን ከሰሙ በኋላ ሰዒድ በሕዝቡ ፊት እንዲመልሱ አደረጉ። አገልጋይ ስለሌላቸው ጠዋት ሊጡን አቡክተው የሚጋግሩት ራሳቸው ነበሩ፤ ሌሊቱን ለጌታቸው ሰጥተዋል፤ በወር አንዱ ቀን ያለቻቸውን ልብስ አጥበው እስክትደርቅ የሚጠብቁበት ነው፤ ራሳቸውን የሚስቱትም የኹበይብ (ረ.ዐ.) መገደል ትዝ ሲላቸው ነው።

በዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል፦ ተጠቃሚው ሕዝብ ተጠይቋል፤ የተጠየቀው በነፃነት ተናግሯል፤ የተወቀሰውም መልስ የመስጠት ዕድል አግኝቷል። ፍትሐዊ ግምገማ ማለት ይህ ነው።

የዘመኑ ዕውቀትና የአገራችን ልምድ

የማኅበረሰብ ሥነ ልቦና የሚባለው የትምህርት ዘርፍ መነሻው እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ስዋምፕስኮት በተባለች ከተማ የተደረገ ጉባኤ ነው። የዚህ ዘርፍ ሊቃውንት የሰውን ችግር ከቤተሰቡ፣ ከሰፈሩና ከኑሮው ነጥሎ መረዳት እንደማይቻል ያስተምራሉ። የሚረዳውም ሕዝብ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን የዕውቀት ባለቤት እንደሆነ ያስረዳሉ።

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ1988 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መቀመጫው ለንደን ከሆነ የምርምር ተቋም ጋር በወሎ ያካሄደው የገጠር ጥናት የነዋሪውን ዕውቀት መነሻ ካደረጉት ቀደምት ሥራዎች አንዱ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምግብ ዋስትና ሴፍቲኔት ፕሮግራም ደግሞ ተጠቃሚዎች በአካባቢው ሰዎች ኮሚቴ እንዲለዩ፣ ስማቸው በሕዝብ ፊት እንዲነገር፣ ቅር የተሰኘም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲያመለክት በመመሪያው ደንግጓል። በዞናችን በደቡብ ጎንደር እንደ ላይ ጋይንት፣ ስማዳና እብናት ባሉ ወረዳዎች የሚኖር ወገናችን ይህን አሠራር ያውቀዋል። እንግዲህ ለእህል ዕርዳታ የተሠራበት መንገድ ለየቲም አማና እንዴት ይበዛል?

የሐሙሲት ሰው ምን ያውቃል?

ነገሩን ወደ ደራ ወረዳ፣ ወደ ሐሙሲት አምጥተን እንየው። ከተማዋ ስሟ እንደሚነግረን የሐሙስ ገበያ ከተማ ናት። አንድ የቲም በየሳምንቱ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ይቀራል እንበል። መዝገቡን ብቻ ያየ ሰው ልጁ ሰነፍ ነው ብሎ ይደመድማል። ጎረቤት ቢጠየቅ ግን በገበያ ቀን የእናቱን ዕቃ የሚሸከምላት ሌላ ሰው እንደሌለ ይናገራል። የመጀመሪያው ፍርድ ልጁን ከድጋፍ ያስወጣዋል፤ ሁለተኛው ለእናቲቱ ሸክም የሚያቃልል መላ እንድንፈልግ ያደርገናል። የአንድ ልጅ የትምህርት ዕድል የተንጠለጠለው ማንን ጠየቅን በሚለው ላይ ነው።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። ሰደቃችን በአብዛኛው የሚፈስሰው በረመዳንና በዒድ ነው። ረመዳን ግን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ወደኋላ ስለሚሸሽ በእነዚህ ዓመታት የሚውለው የመኸር እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው። በደጋው አገር ጎተራ የሚራቆተው በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው፤ የደብተርና የዩኒፎርም ወጪ የሚመጣውም በዚያው ሰሞን ነው። ዘካተል ፊጥር በወቅቱ መሰጠቱ ግዴታ ነው፤ ሌላውን ሰደቃ ግን ለክረምት ማቆየት ይሻል እንደሆነ እናቶችን ብንጠይቅ መልሱን እነርሱ ያውቁታል።

ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

የአካባቢ ሰው ይጠየቅ ስንል የአካባቢ ሰው አይሳሳትም ማለታችን አይደለም። ዝምድናና ቂም በየሰፈሩ አለ፤ ድምፁ የጎላ ሰው የሌላውን ድምፅ ይውጣል። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ምስክር አይሁን።

ሁለተኛ፣ ድጋፉ እንዴት ነው ተብላ የተጠየቀች እናት አልሐምዱሊላህ ትላለች። ይህ ለጌታዋ ያቀረበችው ምስጋና እንጂ ለእኛ የሰጠችው ምስክርነት አይደለም። ብትወቅስ ድጋፉ እንዳይቋረጥባት ትፈራለችና። ስለዚህ የሚያከፋፍለውና የሚጠይቀው ሰው የተለያዩ ይሁኑ፤ ጥያቄውም ድጋፉ ጥሩ ነውን የሚል ሳይሆን ባለፈው ወር የቱ ሳምንት ከበደሽ፣ ከሰጠነው ውስጥ ያልጠቀመሽ የቱ ነው የሚል ይሁን።

ሦስተኛ፣ የልጁ ክብር ነው። በሱረቱ አል-በቀራህ 2፡264 ምጽዋትን በመመጻደቅና በማስከፋት ከንቱ ማድረግ ተከልክሏል። የየቲሙን ችግር በሸንጎ ማውራት፣ ፎቶግራፉን ይዞ መዞር ማስከፋት ነው። በጉባኤ የሚመዘነው የእኛ ሥራ ይሁን፤ የቤት ገመና በቤት ይቅር።

እንዴት እንጀምር?

1. በየመስጂዱ አካባቢ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች ይመረጡ፤ ከእነርሱ መካከል የየቲም እናቶች፣ መምህርና የተከበሩ ሽማግሌ ይኑሩ። ድጋፉን የሚያከፋፍል ሰው አይግባበት።

2. እናቶችን የሚያነጋግሩ ሴቶች ይሁኑ። ብዙ እናት በወንዶች ጉባኤ ልቧን አትከፍትም።

3. ልጁም ይጠየቅ። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ምን እንደሚያስጨንቀው ያውቃል።

4. ዝርዝሩ በየዓመቱ ይታደስ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ጋይንትና ደብረ ታቦር በደረሰ ጊዜ የብዙ ቤት ኑሮ ተናግቷል፤ የትናንቱ ዝርዝር የዛሬውን የቲም ላያውቀው ይችላል።

5. የተሰማው ቅሬታ ምን መልስ እንዳገኘ ለተናገሩት ሰዎች ይነገር። ተጠይቆ መልስ ያጣ ሰው ሁለተኛ አይናገርም።

ውድ ለጋሾች! ገንዘባችሁን ለተወሰነ ጉዳይ ከሰየማችሁት ያለ ፈቃዳችሁ ወደ ሌላ ማዞር አይገባም። ስለዚህ ስትሰጡ፣ አሳዳጊዎቹ ሌላ ነገር ይበልጥ ያስፈልገናል ካሉ ለዚያ እንዲውል ፈቅጃለሁ የሚል ቃል ብትጨምሩ ትልቅ በር ትከፍታላችሁ። ውድ ቤተሰቦች! እናንተም የጎደለውን መናገራችሁ ውለታ ቢስነት አይደለም፤ አማናን መርዳት ነው። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል፤ የቲም ግን ብዙ ጊዜ አይጮኽም። ስለ እርሱ የምታውቁ ተናገሩለት።

አላህ (ሱ.ወ.) የየቲሞችን አማና ከሚወጡት ያድርገን፤ ሰደቃችሁንም ይቀበላችሁ። አሚን። ወላሁ አዕለም።