«ልቀጥልን፧» ብሎ ስለ መጠየቅ፤ በእስፓንኛ ቋንቋ

ልጆች ሆይ፤ ለሌላ ሰው የሚያነብ ወይም የሌላውን ቃል የሚጽፍ ሁሉ በየመካከሉ ቆም እያለ «ልቀጥልን፧» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። እኔም ጸሓፊ ነኝና ይህን በጥፋቴ ተምሬዋለሁ። ለአንድ ሽማግሌ የመሬት አቤቱታ ስጽፍላቸው ዝም ስላሉ የተስማሙ መስሎኝ ሳልጠይቅ ገሠገሥሁ፤ ወሰናቸውንም ከወንዙ ማዶ አደረግሁት። ስሕተቱ ሲታወቅ ወረቀቱ ተቀደደ፤ ሥራውም እንደ ገና ተዠመረ።

ይህ ትሕትና በሌላው ሕዝብ ቋንቋም ይገኛል። እስፓንኛ በእስፓንያ፥ በሜክሲኮ፥ በኮሎምቢያ፥ ከአፍሪቃም በኢኳቶሪያል ጊኒ የሚነገር ቋንቋ ነው። ተናጋሪዎቹ እንዴት እንደሚጠይቁ እንመልከት።

1ኛ፤ ባልንጀራን ሲጠይቁ «ሲጎ፧» ይላሉ። ትርጓሜው «እቀጥላለሁ» ማለት ነው። እኛ «ልቀጥል» እና «እቀጥላለሁ» ብለን ቃሉን እንለያለን፤ በእነርሱ ዘንድ ግን ቃሉ አንድ ነውና ጥያቄ መሆኑ የሚታወቀው በድምፅ ነው። ወረቀት ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ በ1713 ዓ.ም. በማድሪድ የተቋቋመው የቋንቋው አካዳሚ በ1754 ዓ.ም. (ሁለቱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የጥያቄ ምልክት በረዥም ጥያቄ መጀመሪያም ተገልብጦ እንዲጻፍ ደነገገ። ዛሬ በአጭሩም ጥያቄ ይጻፋል፤ አንባቢም ጥያቄ መሆኑን አስቀድሞ ያውቃል።

2ኛ፤ የሚከበረውን ሰው ሲጠይቁ «ኪዬሬ ኬ ሲጋ፧» ይላሉ፤ ይኸውም «እንድቀጥል ይወዳሉን፧» ማለት ነው።

3ኛ፤ መልሱ ለባልንጀራ «ሲ፥ ሲጌ» (አዎን፥ ቀጥል)፥ ለሚከበር ሰው «ሲ፥ ሲጋ» (አዎን፥ ይቀጥሉ) ነው። የእኛ «እርስዎ» በእነርሱ «ኡስቴድ» ይባላል፤ የወጣውም «ቡዌስትራ ሜርሴድ» ከሚል «ቸርነትዎ» ከማለት ጋራ ከሚመሳሰል የአክብሮት ቃል ነው። እኛ ስናከብር ግሡን እንደ ብዙዎች «ይቀጥሉ» እንላለን፤ እነርሱ ግን እንደ ሩቅ አንድ ሰው «ይቀጥል» ያደርጉታል። በኮሎምቢያ ደግሞ ከደጅ ለቆመ እንግዳ «ሲጋ» ቢሉት «ይግቡ» ማለት ነው።

እስፓንያውያን «ዝም ያለ ፈቀደ» የሚል ምሳሌ አላቸው። ነገር ግን ጸሓፊና አንባቢ በዚህ ሊደገፉ አይገባም። እኒያ ሽማግሌ ዝም ያሉት ፈቅደው አልነበረም፤ ጆሯቸው ደክሞ አልሰሙኝም ነበር እንጂ። ስለዚህ «አዎን» የሚለውን ቃል በጆሮህ ሳትሰማ አትቀጥል።

ጥያቄ።
1. «ሲጌ» እና «ሲጋ» በምን ይለያያሉ፧
2. የእስፓንኛ የጥያቄ ምልክት በመጀመሪያም የሚጻፈው ስለ ምንድር ነው፧
3. የአባትህን ደብዳቤ ስትጽፍ በየትኛው ስፍራ ቆመህ መጠየቅ ይገባሃል፧