የድብርት ክኒን፣ የኤች አይ ቪ ክኒን፣ የወባ ክኒን

በዚህ እትም የምንማማረው ስለ ድብርት መድኃኒቶች ነው። «ይሄ ደግሞ ከኤች አይ ቪ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። በጣም ይገናኛል። ቫይረሱ በደማቸው ባለ ሰዎች ላይ ድብርት (ባለሙያዎች ድባቴ ይሉታል) ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል። ድብርት የያዘው ሰው ደግሞ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ ያቅተዋል።

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። የሠራሁት በጋምቤላ ክልል፣ ኢታንግ አካባቢ ባለው በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ነው። መጠለያው የተከፈተው በ2006 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ደቡብ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ድንበር የተሻገሩ፣ አብዛኞቹ ኑዌር የሆኑ ቤተሰቦች ይኖሩበታል። ክልሉም ቢሆን የኤች አይ ቪ ስርጭቱ ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት መካከል በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ፣ በጋምቤላ ግን 4.8 በመቶ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል።

ማዘን በሽታ አይደለም። ሀዘኑ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ ሲቆይ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ትምህርት፣ ጨዋታ ሁሉ ሲያስጠላ ነው ድብርት የሚባለው። ሁሉም ድብርት ክኒን አያስፈልገውም፤ ብዙ ጊዜ የምክር አገልግሎት ይቀድማል። በተለይ በእናንተ ዕድሜ።

የሚገርማችሁ፣ የመጀመሪያው የድብርት መድኃኒት የተገኘው ከቲቢ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ አይፕሮኒያዚድ የተባለ የቲቢ መድኃኒት የተሰጣቸው ሕሙማን ከመጠን በላይ ደስተኛ ሆኑ! ሐኪሞቹም ነገሩን መከታተል ያዙ። ያ መድኃኒት ጉበት ስለሚጎዳ ቀረ፤ መንገዱን ግን ከፍቷል።

ዛሬ በአገራችን ጤና ተቋማት በብዛት የሚታወቁት አሚትሪፕቲሊንና ፍሉኦክሰቲን ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ማታ ይወሰዳል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያበዛል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ብድግ ሲሉ ያዞራል። ላብም ይቀንሳል። ይህ አዲስ አበባ ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፤ ጋምቤላ የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ግን ላብ የማያልበው ሰውነት ይግላል። ስለዚህ ጥላና ብዙ ውኃ ያስፈልጋል። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ ጠዋት ነው የሚወሰደው፤ ያቅለሸልሻል፣ ራስ ያሳምማል፣ እንቅልፍ ያሳጣል።

ችግሩ የት ላይ መሰላችሁ? የጎንዮሽ ጉዳቱ በመጀመሪያው ቀን ይመጣል፤ ጥቅሙ ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሰው መሃል ላይ ተስፋ ቆርጦ ይተዋል። በድንገት ሲተውት ደግሞ ማዞር፣ መነጫነጭ፣ እንቅልፍ ማጣት ይከተላል። ይህ ሱስ አይደለም። መቆም ካለበት በሐኪም ትዕዛዝ ቀስ በቀስ ይቀነሳል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ዕድሜዋ 19። ቫይረሱ በደሟ ስላለ ዶሉተግራቪር ያለበትን ክኒን በቀን አንድ ትወስዳለች። ለድብርት ደግሞ ከሌላ ክፍል አሚትሪፕቲሊን ታዘዘላት። «አፌ እንጨት እንጨት ይለኛል፣ ጠዋት ክፍል ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል» አለችኝ። ሁለቱ መድኃኒቶች የተጣሉባት መሰላት። ከዚያ አንዱን ተወች። የተወችው የኤች አይ ቪውን ነው! «ያኛው እንኳ ያስተኛኛል፤ ይሄ ምን አደረገልኝ?» ነበር ያለችው። በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድም ቀን አልዋጠችም። እንዲህ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊለምድ ይችላል። እውነቱን ለመናገር ግን አሚትሪፕቲሊንና ዶሉተግራቪር የሚያሰጋ ጠብ የላቸውም፤ አፏን ያደረቀው አሚትሪፕቲሊን ብቻውን ነው። ሐኪሙ የምትወስድበትን ሰዓት ወደ አመሻሽ ሳበላት፤ የኤች አይ ቪ ክኒኗንም በዚያው ቀን ጀመረች።

የሚጣሉ ግን አሉ። ሪቶናቪር ያለባቸው የሁለተኛ ደረጃ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች አሚትሪፕቲሊንም ሆነ ፍሉኦክሰቲን በደም ውስጥ እንዲበዛ ሊያደርጉ ይችላሉ፤ መጠኑ መታየት አለበት። ቀድሞ በሰፊው ይሰጥ የነበረው ኤፋቪሬንዝ ራሱ ቅዠትና ድብርት ያመጣ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ዶሉተግራቪርን ቀዳሚ ምርጫ ያደረገበት አንዱ ምክንያት የተሻለ ስለሚስማማ ነው። ለእኛ አካባቢ ዋናው ግን ወባ ነው። ኮአርተም የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ አሚትሪፕቲሊንም እንዲሁ፤ በዚያ ላይ ኮአርተም የአሚትሪፕቲሊንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ወባ ይገድላልና «አልወስድም» አይባልም። ለሚያክመው ሰው «ይሄን እየወሰድኩ ነው» ይባላል፤ እሱ የሚያደርገውን ያውቃል። ከሱቅ ገዝቶ መዋጥ ነው አደጋው። ትራማዶል ከሁለቱም የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደረብ ሰውነት ሊያንቀጠቅጥና ሊጥል ይችላል። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከፍሉኦክሰቲን ጋር ጨጓራ ያደማሉ። አረቄ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ከሆነ ደግሞ ሰውዬው ላይነቃ ይችላል።

ከ25 ዓመት በታች ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። መድኃኒቱ በተጀመረባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አንዳንድ ወጣት ላይ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሊመጣ ወይም ሊብስ ይችላል። እንዲህ ከተሰማችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያኑ ቀን ለምታምኑት ትልቅ ሰው ተናግራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ጓደኛችሁ ከነገራችሁም ምስጢር ነው ብላችሁ አትያዙት። አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብ ያቆማል፤ ስለዚህ ክኒኑን እናት ወይም ታላቅ እህት ትያዘው፣ ታናናሾች ከማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጡ የምትወስዱትን ሁሉ፣ የኤች አይ ቪውንም፣ የድብርቱንም፣ ከገበያ የተገዛውንም፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ስሙን ማስታወስ አያስፈልግም፤ እኛ አንብበን እንለየዋለን።