በወረርሽኝ ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ትብብርና የቤተሰብ ድርሻ

በዚህ ወር ትምህርታችን ወረርሽኝ ሲከሰት በቅርባችን ያሉ የጤና ባለሙያዎች እንዴት ተጋግዘው እንደሚሠሩ እንመለከታለን። ምሳሌ የምናደርገው በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 የተገኘበትን ኮቪድ-19ን ነው።

በሰኔ 2012 የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት በጽኑ የታመሙ የኮቪድ ሕሙማንን ሞት እንደሚቀንስ አስታወቁ። በዚያው ሰሞን አንዲት እህት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥታ «አባቴን ያስላቸዋል፤ ዴክሳሜታዞን ስጪኝ» አለችኝ። «ትንፋሽ ያጥራቸዋል?» ስላት «የለም» አለች። «ሌላ ሕመምስ?» ብላት «ስኳር አለባቸው» ብላ መለሰችልኝ።

መድኃኒቱ የጠቀመው ኦክስጅን ወይም የመተንፈሻ መሣሪያ ያስፈለጋቸውን ነው። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ጥቅም አልታየበትም። በዚያ ላይ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ አልሸጥኩላትም። ይሁን እንጂ ባዶ እጇን መሸኘትም መፍትሔ አልነበረም። ለጤና ጣቢያው ነርስ ደወልኩ፤ እርሷም የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወደ ቤታቸው ላከች።

ለካስ አባት በሽታው ይይዘኛል ብለው ፈርተው ክትትላቸውን ትተው ኖሯል! የስኳር መድኃኒታቸው ካለቀ ሰንብቷል። የኮቪድ ምርመራ ተደረገላቸው፤ የስኳር መድኃኒታቸውንም ደጋግመው እንዳይመላለሱ የብዙ ቀን ተደርጎ ተሰጣቸው። አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ።

ልብ በሉ! እኔ መድኃኒቱን አውቃለሁ፣ ነርሷ ካርዳቸውን ታውቃለች፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤታቸውን ታውቃለች። አንዳችንም ብቻችንን ብንሆን ኖሮ እንሳሳት ነበር። ያገናኘን የልጅቷ እውነተኛ መልስ ነው። በገጠርም ጤና ኬላው ከጤና ጣቢያው ጋር የተያያዘው ለዚህ ነው፤ ቤት ለቤት የታየው ችግር ሐኪም ዘንድ እንዲደርስ።

ስለዚህ ቤተሰብ የሚከተሉትን ይፈጽም፦

1. ወደ ጤና ጣቢያም ሆነ ወደ መድኃኒት ቤት ስትሄዱ የሕመምተኛውን መድኃኒቶች በሙሉ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። በቤት የምትወስዱትን ባህላዊ መድኃኒትም አትደብቁ።

2. የስኳር፣ የደም ግፊትና የቲቢ መድኃኒት፣ የሕፃናት ክትባትና የእርግዝና ክትትል በወረርሽኝ ምክንያት አይቋረጡ። መሄድ ካስፈራችሁ ቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

3. ከጎረቤት የተረፈ መድኃኒት አትዋሱ፣ አታውሱም።

4. ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከተጨነቀ ወይም ሕመምተኛው ከተዘባረቀበት መድኃኒት ቤት አትሂዱ፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

5. በራችሁን ለምታንኳኳ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማን እንደታመመ በእውነት ንገሯት።

«ጎረቤት ይሰማብናል» ብለው ሕመም የደበቁ ብዙ ነበሩ። ምስጢራችሁን መጠበቅ በእኛ በባለሙያዎች ላይ ያለ አማና ነው። እናንተም እውነቱን አትንፈጉን።

አላህ ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ወሰላሙ ዐለይኩም።