መራዊ ላይ ቢታመሙ፦ የጤና መድኑ እስከ የት ይሸፍናል?

ጡረታዎን ይዘው ከውጭ አገር ተመልሰው መራዊ ሊኖሩ ወይም እዚያ ያሉ ወላጆችዎን ሊጦሩ ካሰቡ፣ ቤት ከመሥራትዎ በፊት የሕክምናውን ወጪ ያስቡበት። የአሜሪካው ሜዲኬር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ከአገሪቱ ውጭ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም።

የአገር ውስጡ መድን ለማን ነው?

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር፣ መራዊ የምትገኝበት የሜጫ ጎረቤት ደቡብ አቸፈርና የጣና ዳርቻው ፎገራ ከመጀመሪያዎቹ መካከል ነበሩ። የታሰበው ለአርሶ አደሩና በግሉ ሠርቶ ለሚያድር የከተማ ነዋሪ ነው። አባል የሚኮነው በቤተሰብ ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። የእድሳቱን ጊዜ ከቀበሌ አጣርተው የወላጆችዎን መዋጮ አስቀድመው ይላኩ፤ ያልታደሰ የአባልነት ደብተር አያሳክምም።

ተራውን ይጠብቁ

መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የመራዊ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር ያለው የፈለገ ሕይወት ወይም የጥበበ ግዮን ሆስፒታል ነው። ድንገተኛ ካልሆነ በቀር ያለ ሪፈር አይሂዱ፤ ወጪው በእርስዎ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ከኪስ የሚወጣው

መነጽር፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና የውጭ አገር ሕክምና በመድኑ አይሸፈኑም። ቤተሰብን ይበልጥ የሚጎዳው ግን የመድኃኒት እጥረት ነው። ሐኪሙ በደብተሩ ያያል፣ ያዛል፤ መድኃኒቱ ከሆስፒታሉ ከጠፋ ግን ከግል ፋርማሲ መግዛት ግድ ይሆናል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ላለበት ሰው ይህን በወርኃዊ ወጪዎ ውስጥ ያስገቡት። ከመግዛትዎ በፊት ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ጋር ውል የገባ ፋርማሲ እንዳለ ይጠይቁ፤ ደረሰኝም ይያዙ። የላብራቶሪና የራጅ ምርመራም ወደ ግል ተቋም ሊወጣ ይችላል። የግል ሆስፒታል ሲያስተኛ ብዙ ጊዜ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። የአስታማሚውን ትራንስፖርት፣ ማደሪያና ምግብ አይርሱ።

ያለ ክፍያ የሚገኘው

ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና በመንግሥት ተቋማት በነጻ ይሰጣሉ። በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 እስከ ተወሰነ የገንዘብ መጠን የሚደርስ የድንገተኛ ሕክምና ተፈቅዷል። ለከባድ ጉዳት ግን ይህ አይበቃም።

ገንዘቡ የት ይቀመጥ?

መንገድና ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ለበሽተኛ በጊዜው ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ መጠባበቂያውን እዚያው መራዊ፣ በሚያምኑት ዘመድ ስም ባንክ ያስቀምጡ፤ ወላጆችዎም ይወቁት። ብዙ ወላጅ ልጁን ላለማስቸገር ሲል ሕመሙን ችሎ ይቀመጣል። ገንዘቡ አጠገቡ እንዳለ ካወቀ ግን ሳይብስበት ይታከማል።