መጀመሪያ የሚታየውን ማን ይመርጣል?

በኢንተርኔት አንድ ቃል ስንፈልግ ብዙ መልስ በቅጽበት ይደረደርልናል። አብዛኞቻችን ግን የምናነበው የመጀመሪያዎቹን ጥቂቶች ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል። ለመሆኑ ቅደም ተከተሉ የሚወጣው በምን ሕግ ነው? ሕጉን የያዘው ድርጅትስ ይህን ያህል ኃይል ከየት አገኘ?

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው። አንድ ድረ ገጽ ወደ ሌላው ማያያዣ፣ ማለትም ሊንክ ሲያስቀምጥ ድምፅ እንደ ሰጠው ይቆጠራል፤ የድምፁ ክብደት ግን በሰጪው ክብደት ይወሰናል። ዘዴው ፔጅራንክ ይባላል።

ሦስት ገጾች ብቻ ያሉበትን መረብ እንውሰድ። «ሀ» ወደ «ለ» እና ወደ «ሐ» ያመለክታል፤ «ለ» ወደ «ሐ» ብቻ፤ «ሐ» ደግሞ ወደ «ሀ» ብቻ። እያንዳንዱ ገጽ ክብደቱን ለሚያመለክታቸው እኩል ያካፍላል። እንግዲህ የ«ለ» ክብደት የ«ሀ» ግማሽ ነው። «ሐ» የ«ሀ»ን ግማሽና የ«ለ»ን ሙሉ ክብደት ስለሚቀበል ከ«ሀ» ጋር እኩል ይሆናል። ድምሩ 1 እንዲሆን ካደረግን «ሀ» 0.4፣ «ለ» 0.2፣ «ሐ» 0.4 ያገኛሉ። በሦስት ገንዳዎች መካከል እየተዘዋወረ፣ የሚገባውና የሚወጣው እኩል እንደሆነ ውሃ ማለት ነው። ልብ እንበል፤ «ሀ» እና «ለ» እያንዳንዳቸው የተጠቆሙት በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ነገር ግን «ሀ»ን የጠቆመው «ሐ» ያለውን ሁሉ ለእርሱ ስለሰጠ «ሀ» የ«ለ»ን እጥፍ አገኘ። የዛሬዎቹ ፈላጊ ሞተሮች ሌሎች ብዙ መለኪያዎችን ይጨምራሉ፤ መሠረቱን ለመረዳት ግን ይህ ይበቃናል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ባራባሺና አልበርት የተባሉ የፊዚክስ ሊቃውንት መረቡ ሲያድግ ምን እንደሚሆን አሳዩ። አዲስ ገጽ የሚያያዘው ቀድሞ ብዙ ማያያዣ ካለው ጋር ከሆነ፣ ጥቂት ገጾች እጅግ ብዙ ማያያዣ ሲሰበስቡ የቀሩት እጅግ ጥቂት ይዘው ይቀራሉ። ታዋቂው በታዋቂነቱ ይታያል፤ ስለታየም ይበልጥ ይታወቃል።

ይኸው አዙሪት በፈላጊው ድርጅት ላይም ይሠራል። ብዙ ሰው በተጠቀመበት ቁጥር የትኛው መልስ እንደሚመረጥ ይማራል፤ በተማረ ቁጥርም ሌላ ሰው ይመጣል። ገንዘብም አለበት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 የዋሽንግተን ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ አሚት ሜህታ፣ ጉግል በፍለጋው ገበያ ያለውን ብቸኛ የበላይነት ሕግን በመጣስ አስጠብቋል ሲሉ ወሰኑ። ድርጅቱ በስልኮችና በድር ማሰሻዎች ላይ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ፈላጊ ለመሆን እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሏል። ፈላጊውን መቀየር የጥቂት ሰከንድ ሥራ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል የሚከፈለው ለምንድን ነው? በእኛ አስተያየት የተገዛው ኢነርሺያ ነው፤ የሰው ልጅም ካልገፉት ካለበት አይንቀሳቀስም። ዳኛው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 ክሮም የተባለው ማሰሻ እንዲሸጥ አላዘዙም፤ ብቸኛ የሚያደርጉ ውሎችን ግን ከለከሉ፤ የተወሰነ መረጃም ለተፎካካሪዎች እንዲካፈል አዘዙ።

የሚገርመው፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር ፈላጊ ከጠያቂው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው ማድላቱ እንደማይቀር ፔጅና ብሪን ራሳቸው በ1998ቱ ጽሑፍ አስጠንቅቀው ነበር። ድርጅታቸው ማስታወቂያ መሸጥ የጀመረው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ጉዳዩ አማርኛንም ይነካል። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» ስንጽፍ ቢያንስ 6 አጻጻፍ ይኖረናል። አንድ መሆናቸው ካልተነገረው በቀር ኮምፒውተሩ እንደ 6 ቃላት ያያቸዋል። መቼ አንድ እንደሚደረጉ የሚወስነው የቋንቋው ተናጋሪ ሳይሆን የፈላጊው ባለቤት ነው። ተማሪዎች አንዱን ቃል በየአጻጻፉ ፈልገው የመጀመሪያዎቹን አምስት መልሶች ቢያስተያዩ መልካም ነው። በተጨማሪም ማያያዣ ባነሰበት ቋንቋ አንዲት ማያያዣ ብዙ ትለውጣለች።

ይህንንም በስሌት ሞክሩት። በሦስቱ ገጾች መረብ ላይ «ለ» ወደ «ሐ» ብቻ ሳይሆን ወደ «ሀ» ጭምር እንዲያመለክት አድርጉና ክብደቱን እንደገና አስሉ። «ሀ» 4/9፣ «ለ» 2/9፣ «ሐ» 3/9 ሊወጣላችሁ ይገባል፤ ከ«ሀ» ጋር እኩል የነበረው «ሐ» በአንዲት ማያያዣ ሁለተኛ ሆኗል።